የጃፓን ጥንዚዛ ማጥመጃ፦ ይይዛል፣ ተክሉን ግን አያድንም

በሜሪላንድ ጓሮዬ ያሉትን ጽጌረዳዎችና አንድ የወይን ሐረግ ከጃፓን ጥንዚዛ ለመከላከል፣ ባለፈው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ከሥሩ ከረጢት የሚንጠለጠልበትን ቢጫ ማጥመጃ ገዛሁ። አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ከረጢቱም ዝናብና ነፋስ ችሏል። ማባበያው ሲከፈት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ለቅርንፉድ ጠረኑን የሚሰጠው ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገር ከአበባ መዓዛዎችና ሴቷ ጥንዚዛ ወንዱን ከምትጠራበት ጠረን ጋር ተቀላቅሎ ይገኝበታልና።

በመያዝ ረገድ አይታማም፤ በ4 ቀን ውስጥ ከረጢቱ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር። ይሁን እንጂ ቀድሞ እዚህም እዚያም ብቻ ይበሉ የነበሩት ጽጌረዳዎች በዚያው ሳምንት ቅጠላቸው ተበልቶ ደም ሥሩ ብቻ በመቅረቱ ዳንቴል መሰሉ። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ይህ ዓይነቱ ማጥመጃ ከሚይዘው የበለጠ ጥንዚዛ ይጠራል፤ ሽታውን ተከትለው ከመጡት ብዙዎቹ ከረጢቱ ውስጥ ሳይገቡ በመንገዳቸው ባገኙት ተክል ላይ ያርፋሉ። ማሸጊያው «ከተክል አርቀው ይስቀሉ» ከማለት በቀር ይህን አይገልጽም፤ እንደ እኔ ጠባብ ጓሮ ላለው ሰው ደግሞ የሚርቅበት ቦታ የለም። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር መታለፉ በእጅጉ አሳዝኖኛል።

አብሮት የሚመጣው ወረቀትም ተባዩን ለመለየት አይረዳም። የጃፓን ጥንዚዛ ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ራሱና ደረቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ የክንፉ ሽፋን ደግሞ መዳብ መሳይ ነው። ከሌሎች የሚለየው ግን በጎንና ጎኑ ያሉት 5፣ 5 ነጫጭ የጸጉር ነጠብጣቦችና ከኋላው ያሉት 2 ናቸው፤ እነዚህ የሌሉትን አረንጓዴ ጥንዚዛ ሁሉ መግደል አይገባም።

ማጥመጃውን ካወረድኩ በኋላ በየማለዳው፣ ጥንዚዛዎቹ በቅዝቃዜው ደንዝዘው ሳሉ፣ የሳሙና ውሃ የያዘ ባልዲ ከቅርንጫፉ ሥር ይዤ አራግፋቸው ጀመር። የተበላ ቅጠል የሚለቀው ሽታ ሌሎችን ስለሚጠራ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ቶሎ መልቀም ከሁሉ ይበልጣል። ወይኑን ፍሬ ከቋጠረ በኋላ በስስ መረብ ሸፈንኩት፤ ጽጌረዳዎቹም ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቅጠል አወጡ።

ሰፊ መሬት ላለውና ጥንዚዛው መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ማጥመጃው ሊጠቅም ስለሚችል፣ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ።