ዲናሞ ሊያስገዛኝ የነበረው ጌጅ

ታኅሣሥ ላይ ነው ሚኒባሴ ላይ ሁለት ጌጅ ያስገባሁት፤ አንድ የባትሪውን ቮልት የሚያሳይ ባለቁጥር ቮልቲሜትር፣ አንድ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ የሚያሳይ ባለቀስት አምፔርሜትር። የምሠራው ከደሴ ኮምቦልቻ ነው። እስከ ሐምሌ ድረስ ስለነሱ የምለው አልነበረኝም። ይሠሩ ነበር፣ በቃ።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማታ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ነው። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የፊት መብራቱ፣ ዝናብ መጥረጊያው፣ የመስታወቱን ላብ የሚያደርቀው ፋን፣ ሁሉም በርቷል። የቮልቲሜትሩን ቁጥር ሳየው 12.6 ቮልት። ትንሽ ቆይቶ 12.4። ሞተር እየሠራ 12.4 ካሳየ ባትሪው ከዲናሞው እየተሞላ አይደለም፤ 13.8 እና 14.4 መሃል መሆን ነበረበት። ልቤ ቀጥ አለች። ሰው ሞልቶ፣ በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መብራቱ ድርግም ቢልብኝስ?

በነጋታው ያሳየሁት ልጅ ጌጁን ብቻ አይቶ «ዲናሞው አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ብር ልበደር ስልክ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ደግነቱ ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ የቆዩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ጎራ አልኩ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ እንለካው» አሉኝ። ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱንና ፋኑን አስበርተው ቴስተራቸውን ባትሪው ጫፍ ላይ አሳረፉ። 14.1! ጌጁ ግን 12.7 ይላል። 1.4 ቮልት የት ገባ?

ሽቦው ውስጥ ነው የቀረው። ጌጁ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከፋኑ ገመድ ነበር፤ ማሳው፣ ማለትም ቦዲ ላይ የሚታሰረው ኔጌቲቭ ገመድ፣ ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር ዝገት በበላው ብሎን ታስሯል። ፋኑ ብዙ አምፔር በሳበ ቁጥር በዚያ ገመድና በዚያ ዝገት ላይ ቮልቱ ይወርዳል፣ ጌጁም የሚያነበው የተረፈውን ነው። የሸጠልኝ ልጅ «ከፋኑ ውሰድለት፣ ምንም አይልም» ነበር ያለኝ። ወንድሜ፣ ምንም አይልም? ደህናውን ዲናሞ ሊያስጥለኝ ነበር እኮ! አንድ ቅን ቃል፣ «ከባትሪው በቀጥታ ሳበው» ብትለኝ ምን ትከስር ነበር?

አሁን ፖዘቲቩ ከባትሪው ነው የመጣው፣ ባትሪው አጠገብ የራሱ ትንሽ ፊውዝ አለው፣ ቁልፍ ስከፍት ብቻ እንዲበራ ትንሽ ሪሌ አለው። ኔጌቲቩም ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ነው እንጂ ቦዲ ላይ አይደለም። ያንኑ ሐረጎን፣ በዚያው ጉም፣ ሁሉን አብርቼ ወጣሁት፤ ከ13.9 አልወረደም።

አምፔርሜትሩ ላይ ግን ክርክሬ ከሌላ ሻጭ ጋር ነው። ጠቅላላው ኤሌክትሪክ ጌጁ ውስጥ የሚያልፍበትን ሊሸጥልኝ ነበር፤ ርካሽ ነው ብሎ። እምቢ አልኩ። የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ዳሽቦርድ ድረስ ማምጣት፣ አንድ ቦታ ቢላጥ እሳት ነው። እኔ የገዛሁት ባለ ሻንት ነው፤ ሻንት ማለት ዋናው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት፣ ለጌጁ ግን ትንሽ ቮልት ብቻ የሚሰጥ ብረት ነው። የኔው 100 አምፔር ሲያልፍበት 75 ሚሊቮልት ይሰጣል። ሻንቱ ዲናሞውና ባትሪው መሃል ተቀምጧል፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) የሚስበው በሱ በኩል አያልፍም። ጌጁ ጋ የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ናቸው፣ ሁለቱም ሻንቱ ጋ ፊውዝ አላቸው። ጠዋት ሳስነሳ ቀስቱ 40 አምፔር ድረስ ይዘላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ 15 ይመለሳል። ነሐሴ ላይ መብራት ባበራሁ ቁጥር ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ከፍቼ ሳይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል። ለዚህ ብቻ የከፈልኩት ብር ሐላል ነው። ቮልቱን ግን ባለቀስት አትግዙ፣ 12.2 እና 12.6 በቀስት አይለይም።

ሐይቅ ላይ ጀልባ ያለው ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ እሱም ሊያስገባ ነው። የሱ ጀልባ እንጨት ስለሆነ ማሳ የሚታሰርበት ቦዲ የለውም፣ የግድ ከባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መሳብ አለበት። ቅዳሜ ቴስተሬን ይዤ እወርዳለሁ፤ ጌጁን ሳናስር መጀመሪያ ባትሪው ላይ እንለካለን።