ከ18 ወር በኋላ፦ አሮጌው ፕሪሚየር ድራሜ በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት

ድራሙን የገዛሁት ኮምቦልቻ ነው። ሙዚቃ ካቆሙ አንድ አባት እጅ፣ በ32 ሺህ ብር። በሁለት ጋቢ ጠቅልለን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጫንነው። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ ዝናብ ጀመረ። እኔ ታች ተቀምጬ ልቤ ጣሪያው ላይ ነበር።

ይኸው 18 ወር ሆነው። ሁለት ክረምት አብረን አሳልፈናል። ሠርግ ላይ ሠርቼበታለሁ፣ አርብ ማታ ሆቴል እሠራበታለሁ፣ ቤት ውስጥም ጎረቤት እስኪቆጣ እለማመድበታለሁ። ስለዚህ አሁን ስለሱ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ሦስት ቁራጭ ነው። ባለ 20 ኢንች ባስ ድራም፣ ባለ 12 ቶም (በዱላ የሚመታው መካከለኛ ድራም) እና መሬት ላይ የሚቆም ባለ 16 ቶም። የራሱ ስኔር፣ ያ ከሥሩ ሽቦ ያለው የሚንጫጫ ድራም፣ የለውም፤ ድሮ ጠፍቷል። ከላይ የለበሰው ነጭ ፐርል ፕላስቲክ ዛሬ ነጭ አይደለም፣ የወተት ሻይ መስሏል። ለማጽዳት ብዬ የብሎን መያዣውን አንዱን ፈትቼ ሳነሳ ግን ደነገጥኩ። ሥሩ በመያዣው ቅርጽ ልክ በረዶ የመሰለ ነጭ ቦታ አለ። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ብርሃን ያላየች ቦታ ናት። ብዙ ሰው ፕላስቲኩን ልጠህ አዲስ አልብሰው ይለኛል። አላደርገውም። ያ ቀለም ዕድሜው ነው።

ፕሪሚየር እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ የእንግሊዝ ድራም ሠሪ ነው። የቢትልሱ ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ አሜሪካው ሉድዊግ ከመዞሩ በፊት የሚጫወተው በፕሪሚየር ነበር። የእንግሊዙ «ዘ ሁ» ባንድ ድራም መቺ ኪት ሙን ደግሞ በፕሪሚየር ገናና ሆነ። የኔው እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ሥራ ነው። ይህን ያወቅኩት ከባጁ፣ ስሙ ከተጻፈበት ምልክት፣ ብቻ ሳይሆን ከችግሩም ነው። ምክንያቱም የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቶሞች ከዛሬው ዓለም አቀፍ መጠን በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። 12 የተባለው በትክክል 12 አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአዲስ አበባ አንድ ሱቅ ባለ 12 እና ባለ 16 ቆዳ (የሚመታው ፊት፣ ዛሬ ፕላስቲክም ቢሆን ቆዳ ነው የምንለው) አስመጣሁ። «ይገባል፣ ችግር የለም» ብለውኝ ነበር። አልገባም። ብገፋ፣ ባዞር፣ አፉ ላይ ቆመ። ብሩም ቀለጠ።

ሁለት ሳምንት ቶሞቹን አፋቸውን ከፍተው እያየኋቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከበሮ የሚሠሩ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይወጥራሉ፣ ለመንዙማም ድቤ ይወጥራሉ። ቶሙን ገለበጡት፣ በጥፍራቸው አንኳኩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ጋሼ፣ የፍየል ቆዳ ይሆነዋል?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ። ውሃ የጠጣ ቆዳ እንዳሻህ ይታዘዝልሃል። ብቻ ቀለበት አምጣልኝ።»

ቀለበቱን ብየዳ ቤት ከ6 ሚሊ ቶንዲኖ አስጠቀለልኩ። ብየዳውን በሞላ አስለሰልኩ፣ እንዳይዝግ ቀለም ቀባሁት። ሽማግሌው የተፋቀውን የፍየል ቆዳ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደሩት። ጠዋት ጣውላ ላይ ዘረጉት፣ ቀለበቱን መሃል አስቀመጡ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፉት። ከዚያ በማንኪያ እጀታ ትርፉን ከቀለበቱ ሥር እየጠቀጠቁ ዙሪያውን ዞሩ። አንድም ስፌት የለውም። እርጥቡን ቶሙ ላይ ገጠምነው፣ ብሎኖቹን በትንሹ ብቻ አጠበቅን። «አሁን ካጠበቅከው ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ደረቀ።

በሦስተኛው ቀን መታሁት። ድምፁ ሆዴ ውስጥ ገባ። እንደ ፕላስቲክ አይጮህም። ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይዘጋል።

በእርግጥ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ድራም ሁሉ በቆዳ፣ በተለይ በጥጃ ቆዳ ነበር የሚወጠረው። ሬሞ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 የፕላስቲክ ቆዳውን ሲያወጣ ስሙን «ዌዘር ኪንግ» አለው፣ የአየሩ ንጉሥ እንደ ማለት። ስሙ የገባኝ ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ነው። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን የኔ ቶም እንደ እርጥብ ካርቶን ሆነ። መቃኛ ቁልፌን እስከ መጨረሻ አዞርኩ፣ ምንም የለም። ከሥራ በፊት ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጌ ማሞቅ ጀመርኩ፣ ልክ ከበሮ መቺዎች እንደሚያደርጉት። ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እዚያ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ቆዳው ራሱን ይወጥራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። አሁን ልማዴ ሆኗል፦ ሥራ ሲያልቅ ሁሉንም ብሎን ግማሽ ዙር አላላለሁ። ያን የረሳሁ ሌሊት አንዱ ቆዳ ተቀደደ።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ዘመዴ ከውጭ በድሮው መጠን የተሠራ ፕላስቲክ ለትንሹ ቶም አመጣልኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም በሱ እሠራለሁ። ጥቅምት ሲገባ ወደ ፍየሉ እመለሳለሁ። ልዩነቱን አድማጭ ላያውቀው ይችላል፣ እጄ ግን ያውቀዋል።

ስለ ድምፁ ዋናው ነገር ይህ ነው። ቀፎው፣ ማለትም የእንጨት አካሉ፣ ቀጭን ነው፤ ላይና ታች ብቻ በማጠናከሪያ ቀለበት ተይዟል። ወፍራም ቀፎ ያለው አዲሱ ድራሜ ጉልበት አለው፣ ግን ሁሉን ይሸፍናል። በሱ ስሠራ ዘፋኛችን በየዘፈኑ መሃል ዞራ ታየኝ ነበር። «ቀንስ» ማለቷ ነው። በፕሪሚየሩ መዞር አቁማለች። አምባሰል ስትዘፍን ድምጿ ታች ሲወርድ ባስ ድራሙ ከሥሯ ይቀመጣል እንጂ አይሻማትም። ባቲ ላይ ከማሲንቆው ጋር በደንብ ይነጋገራል። ችክችካው ላይ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። ስድስቱ ምት ቶሎ ቶሎ ሲመጣ እያንዳንዱ ምት ከኋላው ያለውን ሳይነካ ያልቃል። የድሮዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች፣ በተለይ ዋልያስ ባንድ ውስጥ ተማረ ሐረጉ ሲመታ ስሰማ የምወደው ያ አጭርና ደረቅ ምት ነበር። በአዲሱ ድራም ትራስና ጨርቅ እየጠቀጠቅኩ ስፈልገው ኖሬያለሁ። እዚህ ምንም ሳልጠቀጥቅ አገኘሁት።

የሚያስቸግር የለውም አልልም። ትልቅ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ያለ ማይክ አይሰማም። ማይኩን ከቆዳው አንድ ጋት አርቄ ካላስቀመጥኩ ድምፁ ይጠፋል። የዚያ ዘመን የባስ ድራም እግር እንደሆነ ቀጭን ነው፤ በረገጥከው ቁጥር ወደ ፊት ይሸሻል። ምንጣፍ አነጥፌ ከመቀመጫዬ ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። ከመያዣዎቹ ሁለት ብሎን ጠፍቶ ነበር፣ ገበያ ላይ ያለው ጥርሱ አልገጥም አለ። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አንዱን ናሙና አይተው ቁጭ አድርገው ሠሩልኝ። እጃቸው ይባረክ።

አሮጌ ድራም ልትገዙ ካሰባችሁ ብልጭልጩን አትዩ። ቆዳውን አስፈቱና ቀፎውን በአፉ ጠፍጣፋ የጠረጴዛ መስታወት ላይ ድፉት። የስልክ መብራት ውስጡ አስገቡ፣ ክፍሉን አጨልሙ። በከንፈሩ (ቆዳው በሚያርፍበት ጠርዝ) ሥር ብርሃን ሾልኮ ከወጣ ከንፈሩ ተጣሟል። የተጣመመ ከንፈር ያለው ድራም ቀኑን ሙሉ ብትቃኙት አይቃኝም። የላዩ ዝገት ግን ይጸዳል። የኔን አመድና ሎሚ ይዤ ስፈትገው የብረቱ ብርሃን እንደ መስታወት ወጣ።

በዚህ ዓመት አንድ ቶም ጨምሬያለሁ፣ ጃፓን የተሠራ። ባጁ ላይ ያለውን ስም ማንም አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ድራም ሠርተው ለአስመጪዎች በተለያየ ስም ይሸጡ ነበር፣ ስለዚህ በስሙ አትገምግሙት። ለስላሳ እንጨት ነው፣ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፣ ዋጋውም የፕሪሚየሩን ሩብ አይሆንም። መጀመሪያ ለሚሰበስብ ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው።

የሚቀረኝ ስኔሩ ነው። የዘመኑ የሆነ፣ ያው ፕሪሚየር፣ ቢቻል ባለ እንጨት ቀፎ። አንድ ሰው ወልዲያ አንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ አይቻለሁ ብሎኛል። ቅዳሜ እዚያው ሠርግ አለን። መቃኛ ቁልፌንና የእጅ ባትሪ ይዣለሁ።