ቤዝመንታችንን ለጨረሰልን ኮንትራክተር ምስጋና፣ ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። የሰው ፖስት አንብቤ፣ "አሜን" ብዬ የማልፍ ነኝ። ዛሬ ግን ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ቤዝመንታችን (የቤቱ ምድር ቤት) አለቀ! በወጉ፣ በፐርሚት (በካውንቲው የግንባታ ፈቃድ)፣ የካውንቲው ኢንስፔክተር አይቶ አጽድቆት አለቀ። የሰራልን ሰው እጁ ይባረክ። ልጆቹ ይደጉለት።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን በ1950ዎቹ የተሰራ የጡብ ቤት ነው፤ ላዩ ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ። ታች ያለው ባዶ ሲሚንቶ፣ ልብስ ማጠቢያና ከአገር ቤት ከመጣን ጀምሮ ያልተከፈቱ ሻንጣዎች ነበሩ። ታናሽ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ከነሚስቱ ሊመጣ ሲል ባለቤቴ "እስከ መቼ ነው ይሄን ቦታ ለሻንጣ የምናከራየው?" አለ። እውነቱን ነው።

ብዙዎቻችን አሜሪካን የጀመርናት ቤዝመንት ውስጥ ነው። እኔም ከጆርጂያ አቬኑ ብዙ የማይርቅ ቤት ስር ተከራይቼ ነበር። መስኮቷ ጣሪያው ስር የተለጠፈች፣ ድመት እንኳ ተጨንቃ የምታልፍባት ነበረች። ጠዋት ይሁን ማታ በስልኬ ሰዓት ነበር የምለየው። አንድ ሌሊት ላይ ቤት አንዱ ምግብ ጥዶ እንቅልፍ ወሰደው። አላርሙ ሲጮህ ብንን ብዬ ተነሳሁ። መውጫው ደረጃ የሚወስደው በቀጥታ ጭሱ ወዳለበት ኪችን ነው። ደግነቱ ምግብ ብቻ ነበር ያረረው። ግን ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ "እሳት ቢሆንስ ኖሮ በየት ነው የምወጣው?" ስል አነጋሁ። ስለዚህ ወንድሜ ቤቴ ሲገባ እንደዚያ ያለ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይተኛ ምዬ ነበር።

አሁን ወደ መራራው ልግባ። ስም አልጠራም። እግዜር ይያቸው።

የመጀመሪያው በሰው በሰው የተገኘ ነው። ምላሱ ማር ነበር። "ፐርሚት ምን ያደርግላችኋል? ለካውንቲ ገንዘብ ከመስጠት ሶፋ ግዙበት" አለን። ከጠቅላላው ዋጋ ከግማሽ በላይ በቅድሚያ ወሰደ። እንጨት አወረደ፣ አንዱን ግድግዳ ድራይዎል በሚሉት የግድግዳ ሰሌዳ ሸፈነ፣ ከዚያ ደብዛው ጠፋ። ስንደውልለት መጀመሪያ "መንገድ ላይ ነኝ" ይል ነበር። ቀጥሎ ቮይስሜይሉ ሞላ። በመጨረሻም ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም ተባልን። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያ የተሸፈነው ግድግዳ ከስሩ አበጠ፤ ስንገልጠው ጀርባው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ሽታው እስከ መኝታ ቤታችን ወጣ። ትንሿ ልጄ በዚያ ሰሞን ሳል አልለቅ አላት። ከሻጋታው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ባሳለች ቁጥር ግን ያ ሰው ነበር ትዝ የሚለኝ።

ሁለተኛው ትልቅ ድርጅት ነኝ ባይ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ታብሌት የያዘ ልጅ ላኩልን። ሳሎናችን ቁጭ ብሎ ምሽቱን ሙሉ ስዕል አሳየን፤ ባር ያለው፣ ሲኒማ ያለው፣ የወይን ማስቀመጫ ያለው። ቤዝመንቱን ለማየት የወረደው ለአፍታ ነው። ግድግዳውን በእጁ እንኳ አልነካውም። ከዚያ "ዛሬ ከፈረማችሁ ይሄ ዋጋ፣ ነገ ግን ይጨምራል" አለን። ዋጋውን ስሰማ የጠጣሁት ሻይ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በሩን በትህትና አሳየነው።

ከዚህ በኋላ ባለቤቴ "ሻንጣዎቹ ይኑሩበት" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። እንዲህ ባለበት ነው ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሜሪካዊት ሴትዮ ይህን ሰው የጠቆሙን። ኤልሳልቫዶራዊ ነው። እዚህ አካባቢ ከሳልቫዶር ልጆች ጋር ጎን ለጎን ነው የምንኖረው፤ አንድ አውቶቡስ ነው የምንጠብቀው። እስከዚያ ቀን ግን አንዱንም ቤቴ ጠርቼ አላውቅም ነበር።

መጣ። ሰላም ካለን በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው ቤዝመንቱን አይደለም፤ "ውጭውን ልዙረው?" አለ። ቤቱን ዞረ። አሸንዳው ጋ ቆመ፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ የሚያፈስበትን ቦታ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ታች ወርዶ ተንበረከከ፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጦ ወለሉና ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በቴፕ ለጠፈ። "ጥቂት ቀን ይቆይ፣ ማንም አይንካው" ብሎ ሄደ። ስለ ዋጋ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

ተመልሶ ሲመጣ ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይዟል። እርጥበት ከሲሚንቶው ውስጥ እየወጣ ነው ማለት ነው አለን። ከዚያ ያለውን መቼም አልረሳውም፦ "አሁን ስራውን ብጀምርላችሁ ገንዘባችሁን እየበላሁ ነው። መጀመሪያ ውሃውን ከቤቱ እናርቀው። ጥሩ ዝናብ ይዝነብ። ከደረቀ እሰራለሁ።"

እናንተዬ፣ ስራ ፍለጋ መጥቶ "ቆዩ" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የአሸንዳውን መውረጃ በቱቦ አስረዝሞ ውሃውን ወደ ግቢው ዳር ወሰደው፣ ከቤቱ ጥግ ያለውን አፈር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ሞላው። ለዚህ ያስከፈለን ከአንድ ሳምንት አስቤዛ ብዙም አይበልጥም። ከባድ ዝናብ ዘነበ። ፕላስቲኩን መልሶ ለጠፈ። ደረቅ!

ውሉ ላይ ስንደርስ ደግሞ ወረቀቱ አናት ላይ የላይሰንስ ቁጥሩ ተጽፏል። "የሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እኔ መሆኔን እዩ፤ ከዚያ እንፈራረማለን" አለን። አየን። እሱ ነው። በቅድሚያም ከሲሶው በላይ አልወሰደም። ለካ የስቴቱ ህግ ነው፤ በሜሪላንድ ኮንትራክተር ገና ስትፈራረሙ ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሶስተኛ በላይ መቀበል አይችልም። ሌላም ነገር ተማርን። ላይሰንስ ያለው ሰው ስራ አበላሽቶ ወይም ጥሎ ቢጠፋ፣ ኮሚሽኑ ባለቤቱ ለደረሰበት ኪሳራ ካሳ የሚጠይቅበት ፈንድ አለው። ላይሰንስ የሌለው ሰው ከበላችሁ ግን ፈንዱ አይመለከታችሁም። የእኛ ባለ ማር ምላስ ላይሰንስ አልነበረውም። ገንዘቡን ውሃ በላው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ለኮንትራክተር ላይሰንስ የሚሰጠው ዲፒኦአር የሚባለው መስሪያ ቤት ነው፤ እዚያ አጣሩ።

ስለ ስራው ዝርዝር አትጠይቁኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ሰው የሚተኛበት ቤዝመንት ክፍል በአደጋ ጊዜ ሰው በቀጥታ ወደ ውጭ የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ሊኖረው ግድ ነው። ኢግረስ ይሉታል። የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም፣ ሲከፈትም ሰው ማሾለክ አለበት። ለዚያ ግድግዳው ተቆርጦ ውጭ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከመቆፈሩ በፊት 811 ደውሎ የመብራት፣ የጋዝና የውሃ መስመር በየት እንደሚያልፍ አስመረመረ፤ ነጻ አገልግሎት ነው። ሳሩ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ባንዲራ ተተክሎ ያየች እናቴ "የምን በዓል ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

በ2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ኒውዮርክን ሲያጥለቀልቅ ቤዝመንት ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 11 ሰዎች ሞተዋል። ዜናውን ያየን ሁላችን ያቺን የመጀመሪያ ክፍላችንን ነው ያስታወስነው። ስለዚህ "መስኮቱ ዋጋ ይጨምራል፣ ይቅርባችሁ" የሚላችሁ ሰው ካለ ሸኙት።

ስለ ሬደንም ያነሳልን እሱ ነው። ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከሲጋራ ቀጥሎ ለሳንባ ካንሰር ምክንያት የሚሆነው እሱ ነው ይላሉ የመንግስት የጤና ሰዎች። የእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በብዛት ይገኝባቸዋል ከሚባሉት ውስጥ ነው። መመርመሪያው ሆም ዲፖ በትንሽ ብር ይሸጣል። አስቀመጥን፣ ላክን፤ የእኛ ዝቅተኛ ነው ተባለ። ተመስገን።

ኢንስፔክተሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በየደረጃው ነው። መስመሩና እንጨቱ ሳይሸፈን ያያል፣ ኢንሱሌሽኑን ያያል፣ ሲያልቅ ደግሞ ጠቅላላውን ያያል። አንዴ አንድ ነገር አስተካክሉ ብሎ ወረቀት ትቶ ሄደ። እኔ ሀሞቴ ፈሰሰ፤ ደግሞ ሊጠፋብን ነው ብዬ። ሰውዬው ግን ወረቀቱን አንብቦ "ልክ ነው" አለና በማግስቱ አስተካከለው። ባለቤቴ ይህን ሲያይ "ይሄ ሰው ታመመ እንዴ?" ብሎ አሳቀኝ። መጨቃጨቅ ለምደን።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ጣቶቿም ሪህ አለባቸው። ልብስ ማጠቢያው ታች ነው። "አትውረጂ" ብንላት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እኛ ስራ ስንሄድ ትወርዳለች። ደረጃው ላይ አንድ መደገፊያ ብቻ ነበር፣ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ጣት ዞሮ የማይጨብጠው። ግራ እጇን ግድግዳው ላይ እየለጠፈች፣ በጎን በጎን ነበር የምትወርደው። ሰውዬው አንድ ቀን አያት።

ምንም አላለም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። "ማማን ቀስ ብላ እንድትወርድ ንገሪልኝ" አለኝ። አንድ ደረጃ ቀድሟት እየወረደ፣ እጇ ግድግዳው ላይ ባረፈበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ደርሳ ስትቆም ግድግዳው ላይ የእርሳስ ነጠብጣብ ወደ ታች ተሰልፏል። በማግስቱ ድቡልቡል እንጨት ይዞ መጣ። አለሰለሰው፣ በእጇ አስጨበጣት፣ ወፈረባት፤ ሌላ ቀጠን ያለ አመጣ። ያንን በምልክቶቹ ላይ ገጠመው። እናቴ አጭር ናት፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ካለው ዝቅ ይላል። ለእሷ እጅ ልክ ነው። ሒሳብ ስጠይቀው "ይሄ ውሉ ላይ የለም" አለኝ። በቃ።

እናቴ ያን ቀን ቡና አፈላችለት። ስትቆላ ጭሱ ተነሳና አዲሶቹ አላርሞች ተቀሰቀሱ። እርስ በእርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲጮህ ቤቱ ሙሉ ይጮሃል። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ሮጡ፣ እናቴ "በስመ አብ!" አለች፣ እሱ ከታች ሳቁን እየለቀቀ ወጣ። "ይሰራል ማለት ነው" አለ። ከዚያ ሲኒውን ተቀብሎ አሸተተና አባቱ ቡና ለቃሚ እንደነበሩ ነገረን። በእንግሊዝኛ ለእኔ፣ በእኔ ለእናቴ። እናቴ ሶስተኛውን ሳይጠጣ አለቀቀችውም። እስኪሄድ ድረስ መረቀችው፤ አንዱም ቃል አልገባውም፣ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

እንከን የለውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሲሰራ ሙዚቃው ጮክ ይላል። ርካሽም አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሰው ዋጋ በግልጽ ይበልጣል። ግን ያን የመጀመሪያውን ሰው ስራ ለማፍረስና ሻጋታውን ለማስወገድ ያወጣነውን ስደምረው ርካሹ ማን እንደሆነ ለእናንተ እተዋለሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ቤዝመንት የምታሰሩ፣ እባካችሁ ይሄን ሰው አናግሩት። እሱ ባይሆን እንኳ የላይሰንስ ቁጥሩን የሚያሳያችሁ፣ ውጭውን ሳይዞር ዋጋ የማይናገር ሰው ፈልጉ። የእኛ ሰውም ይሁን የማንም።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛል፤ ያለውን ስራ ሳልጨርስ ሰው አላስጠብቅም ይላል። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ማታ ማታ ነው መልሶ የሚደውለው፤ ቀን ከደወላችሁ ከመጋዙ ድምፅ ሌላ ምንም አትሰሙም። አይታችሁ መወሰን የምትፈልጉ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነን፤ ኑና መስኮቱንም ደረጃውንም እዩት፣ ቡናም አለ። በኔ ስም "ዋጋ ቀንስ" ብላችሁ ግን እንዳትለምኑት። እናቴ ከሰማች ጠባችሁ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእሷ ጋር ነው።