የአጋም ፍሬዬን የመረመረልኝ ቤተ ሙከራ

ከዘጌ ጫካ ዳር የለቀምኩትን አጋም ይዤ፣ የአንቲኦክሲዳንት (ሕዋሳትን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር) አቅሙን ላስመረምር ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። የባለሙያዎቹ ሥራ ንጹሕ ነው። ፍሬውን ጥላ ላይ አድርቀው ፈጩት። በ80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ዘፍዝፈው 3 ቀን አቆዩት። ሜታኖሉን ያተነኑት በ40 ዲግሪ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ አንቲኦክሲዳንቱ ይጎዳላ! የቀረው እንደ ማር የሚያጣብቅ፣ ጥቁር ቀይ ነገር ነው። ከሱ ትንሽ በጥብጠው አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ፣ ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ዓይኔ እያየ ወደ ቢጫ ተለወጠ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ይህ ምርመራ የፍሬውን አቅም እንጂ አቅሙን የሰጠው የትኛው ውህድ እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ ውህዶችን የሚለይ እንደ ኤችፒኤልሲ ያለ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እነሱ ጋ ደግሞ የለም። ቀድመው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ዶቅማ ሲደርስ ግን ተመልሼ እሄዳለሁ።