ጅጋንቲያ ወይስ ሐጃር ኢም? ማልታ ላይ አንድ ቀን ብቻ ላለው ጎብኚ

ሁለቱም ቤተ መቅደሶች ከጊዛ ፒራሚዶች አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ትልቁ ልዩነታቸው ድንጋዩና መንገዱ ነው።

ጅጋንቲያ የሚገኘው ጎዞ ደሴት ላይ ነው። የውጭ ግድግዳው ከጠንካራ የኖራ ድንጋይ ስለተሠራ እስከ 6 ሜትር ከፍታ ድረስ ቆሞ ይታያል፤ ግዝፈቱ በእውነት ያስደንቃል። መንገዱ ግን ጊዜ ይበላል። ከቺርኬዋ ወደብ መርከቡ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ አለ። የመርከቡ ሒሳብ የሚከፈለው ሲመለሱ ጎዞ ላይ ስለሆነ፣ ሲሄዱ ትኬት ፍለጋ አይድከሙ።

ሐጃር ኢም በዋናው ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ ላይ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ነገር ግን ጨው ያዘለው የባሕር ንፋስና ዝናብ ይሸረሽሩታል። ለዚህም በ2009 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ የመከላከያ ድንኳን ተተከለለት። ድንኳኑ ፎቶ ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ድንጋዩ መትረፉን እንመርጣለን፣ በበጋም ጥላ ይሆናል።

ሚዛኑን የሚደፋው ምናይድራ የተባለው ሌላ ጥንታዊ የቤተ መቅደሶች ስብስብ ነው። ከሐጃር ኢም 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይገኛል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት የማለዳ ፀሐይ በታችኛው ቤተ መቅደስ ዋና በር ቀጥታ ትገባለች። ስለዚህ ለአንድ ቀን ሐጃር ኢም ይሻላል። ሲመለሱ ዳገቱ ጥላ የለውምና ጠዋት ይግቡ፣ ውኃ ይያዙ። በቁፋሮ የተገኙት ዋና ዋና ሐውልቶች ያሉት ቫሌታ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው፤ ከሰዓቱን ለእሱ ይተዉ።