ስምንት ወር ጣቴን ያስወጋኝ የስኳር መለኪያ

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የቤት መለኪያ የገዛሁት ግን ገና ከስምንት ወር በፊት ነው። እስከዚያ በወር አንዴ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ይሉኛል፣ ትንሽ ፈርቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በቃ።

ማሽኗ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ስትሪፑን (ደም የምታስነኩትን ትንሽ ቀጭን ዘንግ) ስትሰኩባት ራሷ ትበራለች፣ ጠብታ ደም ስታስነኳት አምስት ሰከንድ ቆጥራ ቁጥሩን ታወጣለች። መውጊያው እንደፈራሁት አያምም። የጣታችሁን ጫፍ መሃሉን ትታችሁ ጎኑን ውጉት፣ ብዙም አይሰማችሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከምሳ በፊት ብለካ 312! ልቤ ቀጥ አለ። እህቴ ጋ ደውዬ ልሰናበታት ምንም አልቀረኝም። ለካስ ለልጆቹ ማንጎ ስልጥ ቆይቼ እጄን ሳልታጠብ ነው የተወጋሁት። በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ሌላ ጣት ስወጋ 138።

የወደድኳት ግን በእግር ጉዞው ነው። ሐኪሜ በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመጂ ሲለኝ ከርሟል፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ከርሜያለሁ። አንድ ቀን ሽሮ በእንጀራ በልቼ ቢሮ ቁጭ አልኩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 214። በማግስቱ ያንኑ ሽሮ፣ ያንኑ ያህል እንጀራ በልቼ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወክ አድርጌ ተመለስኩ፣ 163 ሆኖ አገኘሁት። ሁልጊዜ እንዲህ አይወርድም፤ አንዳንዴ ለውጡ ኢምንት ነው፣ ማሽኗም ብትሆን ከላቦራቶሪው እስከ 15 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለት በደንቡ የተፈቀደላት ናት። ቢሆንም ያ 163 ከሐኪሙ ምክር ሁሉ በላይ አስነሳኝ።

ስራመድ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። እግሬን ነው የማዳምጠው። ስኳር እግር ስለሚያደነዝዝ ጫማ ቢልጠኝም ላይታወቀኝ ይችላል፣ ስለዚህ ማታ ማታ የውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

አንዴ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ቆይቼ ስራመድ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። የደከመኝ መስሎኝ ነበር። ስለካ 61። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። አጠገቤ ካለች ሱቅ ውሃ ገዝቼ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጬ ጠጣሁ፣ 15 ደቂቃ ተቀምጬ ደግሜ ለካሁ፣ 94። የምወስደው ግሊቤንክላማይድ የሚባል ስኳር የሚያወርድ ክኒን ስለሆነ ሳይበሉ መራመድ እንደሚያወርደው ሐኪሜ በኋላ አስረዳኝና አወሳሰዱን ቀየረልኝ። አሁን ኪሴ ከረሜላ አይጠፋበትም።

አሁን ወደ ምሬቴ። ማሽኗን ርካሽ ነች ብላችሁ አትግዙ። ገንዘቡን የሚበላው ስትሪፑ ነው፣ የሌላ ኩባንያ ስትሪፕ ደግሞ አይሠራባትም። እኔ የገዛሁበት መድኃኒት ቤት «ሁሌ አለን» ብሎኝ በሁለተኛው ወር ጨርሶ ጠፋ። ሌላው ቤት ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ሳምንት የቀረውን 50 ፍሬ በሙሉ ዋጋ አሸከመኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ስትሪፑን ጠይቁ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ሁለት ቦታ ካለ ያኔ ማሽኑን ግዙ። ቀኑን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ። የስትሪፑን ማስቀመጫም ከፍታችሁ አትተዉት፣ እርጥበት ስትሪፑን ያበላሸዋል።

ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት በስትሪፑ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ሳይጠፋ የሚሸጥ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ ሰባት ፍሬ ነው የቀረኝ።