1ኤች ዜድ ኦቨርሆል እና ቱርቦ ኪት፦ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ

ቱርቦው (በጭሱ ግፊት እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ) እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር መጀመሪያ እሱን ልመልስ፣ በጣም ወድጄዋለሁ፣ መኪናዋ ሌላ መኪና ሆናለች። ግን ቱርቦ ኪት ብቻ ገዝቶ ያረጀ ሞተር ላይ ሊያስር ያሰበ ሰው ካለ እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። እኔም እንደዛ ላደርግ ነበር፣ "መጀመሪያ ሆዱን እንየው" ብሎ ያስቆመኝ መካኒኬ ነው፣ እድሜ ይስጠውና።

መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፣ 75 ቦዲ፣ ሞተሯ 1ኤች ዜድ። ለማያውቀው፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ቦሩ (የሲሊንደሩ ስፋት) 94 ሚሊ ስትሮኩ (ፒስተኑ የሚሄድበት ርዝመት) 100 ሚሊ፣ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበትና በ2200 ዙር 285 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው፣ ለዚህ ሁሉ ሊትር ብዙ አይደለም፣ ግን በትዕግስት ለዓመታት ይሰራል። የኔዋ በመጨረሻ ጠዋት ስትነሳ በነጭ ጭስ ግቢውን ትሞላ ጀመር፣ ዘይት ትጠጣለች፣ የዘይት መክደኛውን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለች ስከፍተው ትንፋሹ እጄን ይገፋል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ስንለካ ሁለት ሲሊንደሮች ከሌሎቹ በጣም ወርደው አገኘናቸው። በቃ ሞተሩ ወረደ።

የገዛሁት ኦቨርሆል ኪት (ሞተር ተፈትቶ የሚታደስበት ዕቃ) ኦሪጅናል አይደለም፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል ምክንያቱም የምወቅስበት ነገር አለ። ውስጡ ስድስት ኦቨርሳይዝ 0.50 (ከመደበኛው ግማሽ ሚሊ የሚሰፋ) ፒስተን ከነፋሻቸው (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች)፣ የቢኤላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) እና የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ሽፋን)፣ የዘይት ፓምፕና ሙሉ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አለ። ፒስተኖቹ ቆንጆ ናቸው፣ አንድ በአንድ መዘንኳቸው፣ በከባዱና በቀላሉ መሃል ያለው ልዩነት 2 ግራም ብቻ ነው። ብሎኩን ቶርኖ ቤት ስትወስዱ ግን ፒስተኖቹንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሲሊንደሩ የሚቦረው ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን እጅ ላይ ባለው ፒስተን ልክ ነው፣ ስድስቱም ለየብቻቸው ተለክተው ቁጥራቸው ይጻፍባቸው። ፋሻውንም ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብታችሁ በጫፍና ጫፉ መሃል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት መለኪያ) ለኩት። ቱርቦ ሊገባ ነው ካላችሁ ይሄ ነገር የበለጠ ከባድ ነው፣ ፋሻ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ መሄጃ ስለሌለው ወይ ራሱ ይሰበራል ወይ የፒስተኑን ከንፈር ይሰብራል።

አሁን ወቀሳዬ። ክራንክ ሻፍቱ ተለክቶ 0.25 ሚሊ ተላጦ ስለወረደ ብሮንዚኑም በዛው ልክ ወፈር ያለው 0.25 ነው የታዘዘው፣ ሳጥኑም 0.25 ይላል። መካኒኩ ግን ዝም ብሎ አላሰረም፣ በየቦታው ፕላስቲጌጅ አደረገ፣ ያቺ ቀጭን የፕላስቲክ ክር ናት፣ ብሮንዚኑን በልኩ አጥብቀህ ስትፈታው ክሯ ስንት እንደተጨፈለቀች አይተህ ክፍተቱን ታውቃለህ። አራተኛው ቢኤላ ላይ ክሯ እንደገባች ወጣች፣ ምንም አልነካትም። ብሮንዚኑን ገልብጠን ጀርባውን ስናይ ስታንዳርድ (ላልተላጠ ክራንክ የሚሆን) የሚል ማህተም አለው! አንድ ጥንድ ስታንዳርድ ከ0.25ቹ ጋር ተቀላቅሎ ታሽጓል ማለት ነው። ያ ሳይታይ ታስሮ ቢሆን እዛ ጋ የዘይት ግፊት አይኖርም፣ ትንሽ እንደሄደ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ክራንኩም ቢኤላውም አብረው ይሄዳሉ። ሻጩ ያለ ክርክር ቀየረልኝ፣ ለዛ አመሰግናለሁ፣ ግን ለኪቱ ሙሉ ነጥብ የማልሰጠው በዚህ ነው። ሞተር የሚያስርላችሁ ሰው ፕላስቲጌጅ ከሌለው ገዝታችሁ ስጡት፣ ትንሽ ነገር ናት።

ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፕሬሸር ቴስት ሲደረግ በቫልቩና በፕሪቻምበሩ (ናፍጣው የሚረጭበት ትንሽ ክፍል) መሃል ተሰንጥቆ ተገኘ፣ ከዓመታት በፊት ውሃ ጨርሳ አንዴ በጣም ሞቃብኝ ነበር፣ ከዛ የመጣ ይመስለኛል። አዲስ ቴስታታ ገባ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ስለሚመጣ ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ ሳትለኩ እንዳትገዙ። የታይሚንግ ችንጋም (ቫልቮቹን ከክራንኩ ጋር እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) ያው በዚህ አጋጣሚ ተቀየረ፣ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የሚቀየር ነገር ስለሆነ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፌ ለጥፌበታለሁ፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ቱርቦውን ወዲያው አላሰርኩትም። መጀመሪያ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ቱርቦ ነዳሁ፣ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ። አዲስ ሞተርን በሚኒሞ ሲያስጮሁት መዋል ትልቅ ስህተት ነው፣ ፋሻ የሚላመደው ጭነት ሲያገኝ ነው፣ ዳገት ላይ ደህና አድርጎ መስራት፣ ደግሞ መልቀቅ፣ ፍጥነት መቀያየር። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ወጣ፣ ብርሃን ላይ ሳየው ብልጭልጭ ነገር ነበረው፣ ሁለተኛው ንጹህ ሆነ፣ ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

ወደ ቱርቦው። ይሄ ሞተር ለቱርቦ ተብሎ አልተሰራም፣ ይሄን መካድ አይቻልም። የኮምፕሬሽን ሬሾው (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) 22.4 ለ1 ነው፣ ናፍጣው የሚቀጣጠለውም ፕሪቻምበር ውስጥ ነው። የቱርቦ ወንድሙ 1ኤችዲ ቲ ቦሩም ስትሮኩም አንድ ሆኖ ሳለ ኮምፕሬሽኑ 18.6 ነው፣ ናፍጣውም በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ነው የሚረጨው። ስለዚህ 1ኤች ዜድ ላይ ብዙ ግፊት ከጫናችሁ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፣ ቴስታታና ፒስተን ይሰነጠቃል። የኔ ኪት ዌስትጌቱ (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው በር) 0.5 ባር ላይ ነው የተስተካከለው፣ እዛው ተውኩት፣ ግፊቱን ከዛ በላይ ጨምረው የሚለኝ ሰው አላጣሁም ግን አልጨምርም።

የቱርቦ ኪቱ ውስጥ የሌለው ትልቁ ነገር የጭስ ሙቀት ጌጅ ነው፣ እንዴት ያለሱ እንደሚሸጥ አይገባኝም። ለብቻ ገዝቼ ሴንሰሩን ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚሰበስበው ቱቦ) ላይ ከቱርቦው በፊት አስገባሁት። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ፒስተኑም አልሙኒየም ነው። እርግጥ ዘይቱና የሲሊንደሩ ግድግዳ ሙቀት ስለሚወስዱለት ፒስተኑ የጋዙን ያህል አይሞቅም፣ ግን ረጅም ዳገት ላይ ያ እገዛ ገደብ አለው። ፓምፑ ላይ ናፍጣ ጨምረንለት ነበርና የመጀመሪያው ቀን ጭነት ይዤ ዳገት ስወጣ ጌጁ 720 ዲግሪ ገባ፣ ጥቁር ጭስም ነበረው። ተመልሰን የናፍጣውን መጠን የምታስተካክለውን ቪቴ ቀነስናት፣ ጭሱ ጠፋ፣ አሁን በዛው ዳገት በዛው ጭነት 640 አካባቢ ነው የሚቆመው። ሙቀቱ መውጣት ሲጀምር እግር ከማጥበቅ ማርሽ መቀነስ ይሻላል፣ ዙሩ ሲጨምር አየር ይበዛለታል፣ ሙቀቱ በዓይናችሁ እያያችሁት ይወርዳል።

ሌላ የኪቱ ችግር የዘይት መመለሻው ጎማ ነው፣ ቀጭንም ነው ጠምዛዛም ነው። ከቱርቦ የሚወጣ ዘይት ግፊት የለውም፣ በራሱ ክብደት ነው ወደ ኮፓ (የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ) የሚወርደው፣ መንገድ ካጣ በቱርቦው ሲል (የዘይት ማገጃ) በኩል ይወጣና ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ውስጥ ይቃጠላል። ሰማያዊ ጭስ ሳይ አዲሱ ፋሻ ተበላሸ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ወፍራም ጎማ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ፣ ኮፓው ላይ ከዘይቱ ከፍታ በላይ እንዲገባ ስናደርገው በማግስቱ ጭሱ ጠፋ። ቱርቦው ራሱ ምንም አልሆነም።

አነዳዷ? ባዶዋን ሜዳ ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ጭነት፣ አሸዋ፣ ከፍታ ላይ ነው የሚታወቀው። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያን ሁሉ አጥቶ ነው የሚታገለው፣ እኔ ድሮ በ2ኛ ማርሽ የማለቅስበትን ዳገት አሁን በ3ኛ እየተጫወትኩ እወጣዋለሁ። ናፍጣው ቀስ ብዬ ስነዳ እንደ ድሮው ነው፣ ስረግጥ ይጨምራል። ከማጥፋቴ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ አቆያታለሁ፣ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እንዳያርር። በ14 ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ በዘይት ለውጦች መሃል ዘይት ጨምሬ አላውቅም።

አሁን የቀረው ፍሪሲዮኑ ነው፣ የድሮውን ጉልበት ለምዶ ኖሯልና 4ኛ ላይ ጭነት ይዤ ስረግጥ ዙሩ ይወጣል መኪናዋ ግን አትከተልም። ጠንከር ያለውን አዝዣለሁ፣ ሲገባ ካምቢዮው ስለሚወርድ የኋላውን የክራንክ ሲልም አብሬ አየዋለሁ።